ዐውደ ቀመር፦ የ532 ቍጥር ጠባይና አገልግሎት በባሕረ ሐሳብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ዘመንን የሚለካው በልዩ ልዩ ዑደቶች ነው። ሊቃውንት እነዚህን ዑደቶች «አዕዋዳት» ይሏቸዋል፤ ነጠላው «ዐውድ» ነው። ከሁሉ የሚሰፋው፣ ሌሎቹንም በውስጡ የሚሰበስበው ዐውድ 532 ዓመት ያለው ሲሆን «ዐውደ ቀመር» ወይም «ዐቢይ ቀመር» ይባላል። በግእዝ አኃዝ ሲጻፍ ፭፻፴፪ ነው።

ብዙ ምእመናን «በ532 ዓመት ሁሉም ነገር ወደ ጥንቱ ይመለሳል» ሲባል ሰምተዋል። ይሁን እንጂ ለምን 500 ወይም 600 ሳይሆን 532 እንደ ሆነ፣ «ይመለሳል» የተባለውም ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ጥቂት ነው። ዛሬ የጾምና የበዓል ቀን በእጅ ስልክ ስለሚታይ ስሌቱን መማር ትርፍ ድካም የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ስሌቱን የማያውቅ ሰው በቀን መቍጠሪያ ላይ የታተመ ስሕተት ቢያጋጥመው ሊያርም አይችልም፤ በብራና ላይ የተጻፈ ዘመን ቢያገኝም በ532 ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቍጥሩን አመጣጥ፣ ጠባይና አገልግሎት በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሰባቱ አዕዋዳት

በባሕረ ሐሳብ ሰባት አዕዋዳት ይቈጠራሉ።

1. ዐውደ ዕለት፦ 7 ቀን
2. ዐውደ ወርኅ፦ በፀሐይ አቈጣጠር 30 ቀን፣ በጨረቃ 29 ወይም 30 ቀን
3. ዐውደ ዓመት፦ በፀሐይ 365 ወይም 366 ቀን፣ በጨረቃ 354 ወይም 355 ቀን
4. ዐውደ አበቅቴ (ንዑስ ቀመር)፦ 19 ዓመት
5. ዐውደ ፀሐይ፦ 28 ዓመት
6. ዐውደ ማኅተም (ማእከላዊ ቀመር)፦ 76 ዓመት
7. ዐውደ ቀመር (ዐቢይ ቀመር)፦ 532 ዓመት

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቀን፣ የኋለኞቹ አራቱ በዓመት የሚለኩ ናቸው። አራቱ የዓመት አዕዋዳት ደግሞ በሦስት ቍጥሮች ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ እነርሱም 4፣ 7 እና 19 ናቸው።

የ532 ሦስቱ መሠረቶች

የመጀመሪያው 4 ነው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባሉ ይፈራረቃሉ። በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጕሜን 6 ትሆናለች። ስለዚህ አራት ዓመት ሦስት ጊዜ 365 እና አንድ ጊዜ 366፣ በድምሩ 1461 ቀን ነው።

ሁለተኛው የሳምንቱ ቀናት ቍጥር 7 ነው። 365 ቀን ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ሆኖ 1 ቀን ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት በየዓመቱ አንድ፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ግን ሁለት ዕለት ይራመዳል። በአራት ዓመት አምስት ዕለት ተራመደ ማለት ነው። አምስት ለሰባት ስለማይካፈል ወንጌላዊውና ዕለቱ በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ ሲደገም ነው፤ 4 × 7 = 28። ዐውደ ፀሐይ ይህ ነው። በ28 ዓመት ውስጥ 10,227 ቀን አለ፤ ይህም ያለ ትርፍ 1461 ሳምንት ነው። የአራት ዓመት ቀናት ቍጥርና የ28 ዓመት ሳምንታት ቍጥር አንድ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ አራቱን ዓመት ሰባት ጊዜ መድገም እያንዳንዱን ቀን ወደ ሳምንት መለወጥ ስለ ሆነ ነው።

ሦስተኛው 19 የጨረቃ ነው። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ሲሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። ይህ ልዩነት አበቅቴ ይባላል። 11 ከ30 ሲጐድል የሚቀረው 19 ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ ስለዚህ በማናቸውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ19 ዓመት የሚጠራቀመው ልዩነት 19 × 11 = 209 ቀን ነው። ይህ ከሰባት ሙሉ ወር፣ ማለትም ከ210 ቀን፣ በአንድ ቀን ብቻ ያንሳል። ያች አንዲት ቀን በዐውዱ ፍጻሜ ትሟላለች፤ ወንበር 18 በሆነ ጊዜ 18 የነበረው አበቅቴ በሚቀጥለው ዓመት 29 መሆን ሲገባው 30 ወይም «አልቦ» የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ነው፤ 19 ጊዜ 12 ሲሆን 228፣ ሰባቱ ሲጨመሩ 235።

ሦስቱ እንዴት ይገናኛሉ?

7 እና 19 ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። 4 ደግሞ ከሁለቱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የለውም። እንዲህ ያሉ ቍጥሮች ትንሹ የጋራ ብዜታቸው የሦስቱ ብዜት ራሱ ነው፤ 4 × 7 × 19 = 532። ሦስቱ ዑደቶች በአንድ ቀን ቢነሡ ከ532 ዓመት በፊት በአንድነት ወደ መነሻቸው አይመለሱም።

በመካከሉ ግን ሁለት ሁለቱ ይገናኛሉ። በ28 ዓመት ዕለትና ወንጌላዊ፣ በ76 ዓመት (4 × 19) አበቅቴና ወንጌላዊ ይገናኛሉ። በ532 ዓመት ዕለት፣ ወንጌላዊና አበቅቴ ሦስቱም ይገናኛሉ። ስለዚህ 532 ማለት 28 ጊዜ 19፣ 7 ጊዜ 76 ወይም 19 ጊዜ 28 ነው።

የቍጥሩ ጠባያት

532 ዐሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት፤ እነርሱም 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266 እና 532 ናቸው። የዓመታት አዕዋዳት የሆኑት 19፣ 28 እና 76 ሁሉም በዚህ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ 588 ይሆናሉ። ድምሩ ከቍጥሩ ስለሚበልጥ የሒሳብ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቍጥር ትርፍ ካላቸው ቍጥሮች ወገን ይመድቡታል።

በአንድ ዐውደ ቀመር ውስጥ 133 ዘመነ ማቴዎስ፣ 133 ዘመነ ማርቆስ፣ 133 ዘመነ ሉቃስና 133 ዘመነ ዮሐንስ ይገኛሉ። ስድስተኛዋ ጳጕሜንም 133 ጊዜ ትውላለች። ቀናቱ 532 × 365 = 194,180 ሲሆኑ 133ቱ ሲጨመሩ 194,313 ይሆናሉ። ይህ ለ7 ሲካፈል ያለ ቀሪ 27,759 ሳምንት ነው። የጨረቃ ወራቱ ደግሞ 28 × 235 = 6,580 ናቸው። ቀን፣ ሳምንት፣ ወርና ዓመት ሳይተራረፉ የሚዘጉበት ዘመን በመሆኑ «ዐቢይ» መባሉ ተገቢ ነው።

ዛሬ በየትኛው ዐውድ ላይ ነን?

የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 5500 + 2018 = 7518 ነው። ይህን ለ532 ስናካፍል 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይተርፋል። ስለዚህ 14 ዐውደ ቀመር ተፈጽሞ በ15ኛው ዐውድ 70ኛ ዓመት ላይ እንገኛለን ማለት ነው። 14ኛው ዐውድ የተፈጸመው በ7448 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም በ1948 ዓ.ም. ነው፤ 15ኛው የሚፈጸመው በ2480 ዓ.ም. ነው።

ስሌቱን ለመፈተን የ2018 ዓ.ም.ን ማውጫ እንሥራ።

- ወንጌላዊ፦ 7518 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ነው፤ ዘመነ ማርቆስ። ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል።
- ዕለት፦ 7518 + 1879 = 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። 1 ሲቀር ማክሰኞ፣ 2 ሲቀር ረቡዕ፣ 3 ሲቀር ሐሙስ ስለ ሆነ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።
- ወንበር፦ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበር 12።
- አበቅቴ፦ 12 × 11 = 132፤ በ30 ሲገደፍ 12።
- መጥቅዕ፦ 12 × 19 = 228፤ በ30 ሲገደፍ 18። አበቅቴና መጥቅዕ 12 + 18 = 30፤ ስሌቱ ትክክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል።
- መባጃ ሐመር፦ መጥቅዕ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲሆን 18 + 7 = 25።

ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 69 ስለ ሆነ 25 + 69 = 94፤ ሦስቱ ወር (90) ሲነሣ 4 ይቀራል፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

አሁን ወደ ኋላ 532 ዓመት እንሂድ። 2018 ሲቀነስ 532፣ 1486 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ እስክንድር ነግሠው የነበሩበት ዘመን ነው። ያን ዓመትም ዘመኑ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ሐሙስ፣ አበቅቴው 12፣ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ነበር። ዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ስቅለት፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስና ጾመ ሐዋርያት ሁሉ ከነነዌ በተወሰነ ተውሳክ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ እነርሱም በዚያው ቀን ውለዋል። «ይመለሳል» የተባለው ይህ ነው።

ሁለቱ ዳርቻዎች

ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ አትገባም፤ ከየካቲት 21ም አትዘገይም። በዚህ መሠረት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት መካከል ይውላል። 532ቱ ትንሣኤዎች በእነዚህ 35 ቀናት ላይ ይከፋፈላሉ፤ ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም፤ ዳርቻዎቹ ብርቅ ናቸው።

ነነዌ ጥር 17 እንድትገባ ሁለት ነገሮች መገጣጠም አለባቸው። መጥቅዕ 15 መሆን አለበት፤ ይህም ከ19 ዓመት አንድ ጊዜ፣ ወንበር 15 ሲሆን ብቻ የሚገኝ ነው። ዕለቱም ተውሳኩ 2 የሆነው ዓርብ መሆን አለበት፤ ይህም ከሰባት አንድ ነው። 19 × 7 = 133፤ 532 ለ133 ሲካፈል 4። ስለዚህ ትንሣኤ መጋቢት 26 የሚውለው በ532 ዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ዳርቻ መጥቅዕ 13፣ ዕለቱም ተውሳኩ 8 የሆነው ቅዳሜ ሲሆኑ ነነዌ የካቲት 21፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 30 ይሆናል፤ ይህም እንዲሁ አራት ጊዜ ብቻ ነው።

የዛሬው ጐልማሳ ትውልድ ሁለቱንም ዳርቻ አይቷል። በ1975 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 30፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ መጋቢት 26 ውሏል። ከእንግዲህ ሚያዝያ 30 የሚውለው በ2070 ዓ.ም.፣ መጋቢት 26 የሚውለው በ2097 ዓ.ም. ነው።

በብራና ላይ የተጻፈን ዘመን ለማወቅ

የ532 ትልቁ ጥቅም የታሪክ ሰነድን ዘመን በመለየት ይታያል። በ28ቱ ዓመት ውስጥ የወንጌላዊውና የዕለቱ ጥምረት አይደገምም። ለምሳሌ ዘመነ ማርቆስ በዐውደ ፀሐይ 2ኛ፣ 6ኛ፣ 10ኛ፣ 14ኛ፣ 18ኛ፣ 22ኛ እና 26ኛ ዓመት ላይ ይገኛል፤ መስከረም 1 በቅደም ተከተል ረቡዕ፣ ሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ሐሙስ፣ ማክሰኞ፣ እሑድና ዓርብ ይውላል። እያንዳንዱ ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንጌላዊውንና ዕለቱን ያወቀ ከ28ቱ ዓመት የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። አበቅቴውን ያወቀ ደግሞ ከ19ኙ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል።

ሁለቱን ለማጣመር አጭር ስሌት አለ። በዐውደ ፀሐይ ያለውን ቦታ በ57 አባዛ፤ በዐውደ አበቅቴ ያለውን ቦታ (ወንበር ሲደመር 1) በ56 አባዛ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንስ። ውጤቱ ከ532 ቢበልጥ 532ን ግደፍ፤ ከዜሮ ቢያንስ 532ን ጨምር። ይህ የሚሠራው 57 ለ19 ሲካፈል ያለ ቀሪ፣ ለ28 ሲካፈል ግን በቀሪ 1 ስለሚወጣ፣ 56ም ለ28 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ለ19 ሲካፈልም ከሦስት ጊዜ አንድ ብቻ ስለሚጐድለው ነው። በ2018 ዓ.ም. ላይ እንፈትነው፦ በዐውደ ፀሐይ 14ኛ፣ በዐውደ አበቅቴ 13ኛ ነው። 57 × 14 = 798፤ 56 × 13 = 728፤ ልዩነቱ 70። ቀደም ብለን ያገኘነው ቦታ ይኸው ነው።

አንድ ብራና «ዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ዓርብ፣ ወንበር 15» ይላል እንበል። በዐውደ ፀሐይ 26ኛ፣ በዐውደ አበቅቴ 16ኛ ነው። 57 × 26 = 1482፤ 56 × 16 = 896፤ ልዩነቱ 586፤ በ532 ሲገደፍ 54። ይህ በ15ኛው ዐውድ 2002 ዓ.ም.፣ በ14ኛው 1470 ዓ.ም.፣ በ13ኛው 938 ዓ.ም. ነው። በመካከል ያለ ሌላ ዓመት አይስማማውም። ጸሓፊው የዐፄ በእደ ማርያምን ስም ከጠቀሰ ዘመኑ 1470 ዓ.ም. መሆኑ ይረጋገጣል።

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀደሙ የብራና መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እንደ ዛሬው ከልደት የተቈጠረ አይደለም። ከዓመተ ሰማዕታት ተነሥቶ 532 ሲሞላ እንደ ገና ከአንድ የሚጀምር አቈጣጠርም ነበር። የዚህ አቈጣጠር አዲስ ዐውድ ከጀመረባቸው ዘመናት አንዱ ከ1340 ዓ.ም. ቀጥሎ ነው፤ 276 ላይ ሁለት ጊዜ 532 ሲጨመር 1340 ይሆናልና። ስለዚህ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተጻፈ መጽሐፍ «በ90 ዓመተ ምሕረት» ቢል 1340 + 90 = 1430 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ከሐዋርያት ዘመን የተጻፈ ሊያስመስለው፣ ወይም ጸሓፊውን በሐሰት ሊከስሰው ይችላል። ሁለቱም አባቶችን መበደል ነው።

ዓመተ ሰማዕታትና 76

ዓመተ ሰማዕታት የሚገኘው ከዓመተ ምሕረት 276 ሲቀነስ ነው፤ የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ሰማዕታት 1742 ነው። ይህ አቈጣጠር የሚጀምረው 5500 + 276 = 5776 ዓመተ ዓለም ሲፈጸም ነው። 5776 ደግሞ 76 × 76 ነው። ስለዚህ በዓመተ ዓለምም ሆነ በዓመተ ሰማዕታት ብናሰላ ወንጌላዊውና ወንበሩ አንድ ይሆናሉ፤ 1742 ለ4 ሲካፈል 2፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ከላይ በ7518 ያገኘነው ይኸው ነው። ዕለቱ ግን አይስማማም፤ 5776 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋልና። 76ን ማሟላት 532ን ማሟላት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

የቍጥሩ ታሪክ

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለሆነው ለቅዱስ ድሜጥሮስ ተገልጦለት እንደ ደረሰው ያስተምራል። 19ኙ ዓመት በአቴናው ሜቶን፣ 76ቱ ዓመት በካሊጶስ ስም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በግሪኮች ዘንድ ይታወቁ ነበር። የ532ቱን ዓመት ዐውድ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኵሴ አንያኖስ በዘመን አቈጣጠር ሥራው ተጠቅሞበታል። በምዕራቡ ዓለም ቪክቶርዮስ እ.ኤ.አ. በ457 የ532 ዓመት የፋሲካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ እንግሊዛዊው መነኵሴ ቤዳም እ.ኤ.አ. በ725 በጻፈው የዘመን ስሌት መጽሐፍ ዐውዱን አብራርቷል። እ.ኤ.አ. በ1583 ስካሊገር የተባለው ሊቅ 532ን ለሮማውያን የግብር ዑደት በሆነው በ15 አባዝቶ 7,980 ዓመት ያለው ዘመን አቆመ። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ቀናትን በተከታታይ ለመቍጠር እስከ ዛሬ መነሻ የሚያደርጉት የዚህን ዘመን መጀመሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1582 የተሻሻለውን የጎርጎርዮስ አቈጣጠር የሚከተሉ ወገኖች በየ400 ዓመቱ ሦስት ቀን ስለሚያጐድሉና የጨረቃውንም ስሌት በየጊዜው ስለሚያርሙ 532 ለእነርሱ አይሠራም። የፋሲካቸው ቀናት ሥርዐት ሙሉ በሙሉ የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን ጎረቤቶቻቸው በሌላ ቀን ፋሲካን ሲያከብሩ የሚያዩት በዚህ የስሌት ልዩነት ነው። አልፎ አልፎ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 በሁለቱም አቈጣጠር በአንድ ቀን ውሎ ነበር።

የቍጥሩ ወሰን

ስለ ዐውደ ቀመር ስንናገር ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ 532 ከስሌቱ ውስጥ ፍጹም ነው፤ ከሰማይ ጨረቃ ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ልዩነት አለው። 19 ዓመት በአማካይ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ሲሆን 235 የጨረቃ ወራት 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ያህል ናቸው። የ1 ሰዓት ከ29 ደቂቃው ልዩነት በአንድ ዐውደ ቀመር ወደ 41 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ይህን ማወቅ የአባቶችን ሥራ አያሳንስም፤ የዓይን ማጕያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን በ19 ዓመት ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ ልዩነት ላይ መድረሳቸው የሚደነቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሌቱን የያዘችው ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነው፤ ይህንም አንድነት እስከ ዛሬ ጠብቆ አቆይቷል።

ሁለተኛ፣ 532 የመለኪያ ቍጥር እንጂ የትንቢት ቍጥር አይደለም። ዐውዱ ሲፈጸም ዓለም ያልፋል፣ ወይም በቀደመው ዐውድ የሆነው መከራ በዚህኛው በዚያው ዓመት ይደገማል የሚል ንግግር በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ውስጥ ቦታ የለውም። የሚመለሱት ዕለት፣ ወንጌላዊና አበቅቴ ብቻ ናቸው፤ የሰው ሥራ ግን አይመለስም። 14ኛው ዐውድ በ1948 ዓ.ም. ሲፈጸም 1949 ዓ.ም. እንደ ማንኛውም ዓመት ጀመረ። ጌታችንም ስለ ዳግም ምጽአቱ ቀንና ሰዓት ማንም እንደማያውቅ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 አስተምሮናል፤ ስለዚህ በቍጥር ምእመናንን ማስፈራራት ከወንጌል ትምህርት ውጭ ነው።

ማጠቃለያ

532 የዕለት፣ የወንጌላዊና የአበቅቴ መገናኛ ነው። 4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ከዚህ ባነሰ ዘመን ሦስቱ አይገናኙም። በዚህ ቍጥር የበዓላት ሥርዐት ይደገማል፣ የብራና መጻሕፍት ዘመን ይታወቃል፣ የተሳሳተ ማውጫም ይታረማል። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ወላጆች በአዲስ ዓመት ዋዜማ እርሳስና ወረቀት ይዘው የመጪውን ዓመት ማውጫ ከላይ ባሳየነው መንገድ ራሳቸው ቢያሰሉ፣ ከዚያም ከታተመው ጋር ቢያስተያዩ፣ ከብዙ ንባብ የሚበልጥ ትምህርት ያገኙበታል። ለ2019 ዓ.ም. መነሻው 7519 ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።